ዕይታው ሐዋሳ፣ ክፍያው ሌላ አገር፦ የበይነ መረብ መድረኮች ይዘት አዘጋጆችን ማቆየት ለምን ያቅታቸዋል?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የፌዴራል ገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ከዲጂታል ይዘት የሚገኝን ገቢ በስም ጠርቶ የግብር ጉዳይ ካደረገው ወዲህ፣ በዩትዩብና በቲክቶክ ስለሚሠሩ ወጣቶች የሚነገረው ነገር ሁለት ጫፍ ይዟል። በአንድ በኩል ስልክ ይዞ የወጣ ሁሉ በዶላር እየተከፈለው እንደሆነ ይወራል። በሌላ በኩል ደግሞ እንደ ሐዋሳ ባሉ ከተሞች በሞቅታ የተጀመሩ ቻናሎች ዓመት ሳይሞላቸው ለምን ዝም እንደሚሉ ይጠየቃል። ሁለቱ አባባሎች አብረው ሊቆሙ አይችሉም፤ ሥራው የሚወራውን ያህል የሚከፍል ቢሆን ጥሎት የሚሄደው ሰው እንዲህ ባልበዛ ነበር።

የሚሄዱበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በክፍያ ማነስ ይጠቃለላል። ማነሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙውን አያስረዳም። ክፍያው ከተመልካቹ ተነሥቶ አዘጋጁ እጅ እስኪገባ የሚያልፍበትን መንገድ፣ አዘጋጁ በልፋቱ ያፈራው ተመልካች በማን እጅ እንደሚቀር፣ እንዲሁም ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳያዩ ስለ ጉዳዩ መናገር አስቸጋሪ ነው።

ሁለት ወገን ያለው ገበያ

ፕላትፎርም ወይም የበይነ መረብ መድረክ የምንለው ድርጅት በአብዛኛው ራሱ ይዘት አያመርትም። የሚያዘጋጁና የሚመለከቱ ሰዎችን ያገናኛል፣ ከዚያም የተመልካቹን ትኩረት ለአስተዋዋቂ ይሸጣል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ባለሁለት ወገን ገበያ የሚሉት ይህንን ነው። ተመልካች የሌለበት መድረክ አዘጋጅን አይስብም፣ አዘጋጅ የሌለበት ደግሞ ተመልካችን አይስብም። አንድ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ከተሰበሰቡ ግን አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉ ወደ ትልቁ መድረክ ስለሚያዘነብል፣ ኋላ የሚነሡ ተፎካካሪዎች የተሻለ መሣሪያ ቢያቀርቡ እንኳ ባዶ አዳራሽ ይዘው ይቀራሉ።

ይህን እንቅፋት በገንዘብ ለመሻገር ከሞከሩት አንዱ ማይክሮሶፍት ነው። ሚክሰር የተባለው የቀጥታ ሥርጭት መድረኩ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 በቪዲዮ ጨዋታ ሥርጭት ከታወቁት ሰዎች ቀዳሚ የነበረውን ኒንጃን ትዊች ከተባለው ተፎካካሪ መድረክ አስኮብልሎ በብቸኝነት አስፈረመው፤ ዓመት ሳይሞላ በሐምሌ 2020 መድረኩ ራሱ ተዘጋ። ዝነኛው ሰው መጣ፣ ተመልካቹ ግን በሚፈለገው ብዛት አልተከተለውም። የቫይን ታሪክ በተቃራኒው ነው። ባለ ስድስት ሰከንድ ቪዲዮዎችን ያስለመደው ይህ መድረክ ተመልካች ሞልቶት ሳለ ለአዘጋጆቹ የገቢ መንገድ አላበጀላቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ዋና ዋናዎቹ አዘጋጆች ተሰባስበው ክፍያ ሲጠይቁ ስምምነት አልተደረሰም፤ ወደ ዩትዩብ፣ ወደ ኢንስታግራምና ወደ ሌሎች መድረኮች ፈለሱ፤ ባለቤቱ ትዊተርም በጥቅምት 2016 ቫይንን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከሁለቱ ታሪኮች የሚወጣው ነገር ጥቂት ታዋቂዎችን በገንዘብ መግዛት ተመልካችን እንደማያመጣ፣ የመካከለኞቹን ኑሮ ችላ ማለት ግን የመጣውን ተመልካች ጭምር እንደሚያስኬድ ነው።

ገንዘቡ የሚያልፍበት መንገድ

ዩትዩብ በረዣዥም ቪዲዮዎች ላይ ከሚታየው ማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለአዘጋጁ ይሰጣል፤ ሾርትስ በሚባሉት አጫጭር ቪዲዮዎች ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ ለአዘጋጆች ከተመደበው ድርሻ 45 በመቶውን ያካፍላል። ቁጥሩ ለጋስ ይመስላል። ይሁንና መቶኛው የሚሰላው ከምን ላይ እንደሆነ መታየት አለበት። የማስታወቂያ ዋጋ የሚወሰነው በጨረታ ነው፤ ጨረታውን የሚያሞቀው ደግሞ ተመልካቹ ባለበት አገር ለማስተዋወቅ የሚሻሙት ድርጅቶች ብዛትና አቅም ነው። ለሐዋሳ ተመልካች ማስታወቂያ መግዛት የሚችለው የኢትዮጵያ ነጋዴ ለጉግል የሚከፍለው የውጭ ምንዛሪ በቀላሉ አያገኝም። ስለዚህ ተመልካቹ ቢበዛም በእሱ ላይ የሚጫረተው ጥቂት ነው። አንድ ሺህ ዕይታ ከሐዋሳና አንድ ሺህ ዕይታ ከዋሽንግተን በአዘጋጁ ስልክ ላይ እኩል ቁጥር ሆነው ይታያሉ፤ በገቢ ረገድ ግን እጅግ ይራራቃሉ። "ዩትዩብ ለሺህ ዕይታ ይህን ያህል ይከፍላል" የሚለው የተለመደ አነጋገር ትርጉም የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ውጤቱ በይዘቱ ምርጫ ላይ ይታያል። ከዕይታ ጥሩ ገቢ የሚፈልግ አዘጋጅ በውጭ የሚኖረውን ኢትዮጵያዊ ማሰብ አለበት፤ ፖለቲካ፣ የአርቲስቶች ወሬና የአገር ቤት ናፍቆት ከሐዋሳ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ይልቅ የሚመረጡበት ምክንያት በአብዛኛው ከዚህ ስሌት ይመነጫል። ያም ሆኖ በዚህ መንገድ የተገኘው ገንዘብ ሳይነካ አይደርስም። ዩትዩብ ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ ከአሜሪካ ተመልካቾች በሚገኘው ገቢ ላይ የአሜሪካን ግብር ይቀንሳል፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት ቅነሳው 30 በመቶ ነው። የሚቆረጠው እንግዲህ ከገቢው ሁሉ ይበልጥ ዋጋ ካለው ክፍል ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ደጃፉን መሻገር አለ። ሙሉ የማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ተመዝጋቢና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀናት ውስጥ 10 ሚሊዮን የሾርትስ ዕይታ ያስፈልጋል። ይህን ያለፈ ሰው የክፍያ አካውንት ሲከፍትና ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ የመኖሪያ አድራሻውን የሚያረጋግጥ የምስጢር ቁጥር በወረቀት ፖስታ ይላክለታል። ደብዳቤ ቤት ለቤት በማይታደልበት አገር ይህ ማለት የፖስታ ሣጥን ቁጥር መፈለግ ነው፤ የራሱ ሣጥን የሌለው ወጣት የመሥሪያ ቤት ወይም የዘመድ ሣጥን ይለምናል። በሳተላይት የሚገናኝ ዓለም ክፍያውን በፖስታ ሣጥን በኩል ማሳለፉ ፈገግ ያሰኛል፤ ለሚጠብቀው ሰው ግን ፈገግታው ብዙም አይታየውም። ከዚያም ሒሳቡ 100 ዶላር እስኪሞላ ክፍያ አይለቀቅም።

መድረኮች የገቢ መርሐ ግብሮቻቸውን የሚከፍቱት አገር በአገር በመሆኑ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን አዘጋጆች ቻናላቸውን ወይም የክፍያ አካውንቱን በውጭ በሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ስም ያስመዘግባሉ። ይህ አሠራር ሥራውን ያስጀምራል፤ ግን በወረቀት ላይ ገንዘቡ የዚያ ሰው ነው። ዝምድናው ሲሻክር፣ ሰውየው በሚኖርበት አገር ግብር ሲጠየቅ ወይም የይለፍ ቃሉ ሲቀየር አዘጋጁ የሚከራከርበት ውል የለውም። ለመተው ከሚያበቁት ምክንያቶች ይህ በአደባባይ ብዙም የማይነገረው ነው።

ቲክቶክ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በአዲስ ስም ያስተዋወቀው፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ለሆኑ ቪዲዮዎች በዕይታ የሚከፍለው መርሐ ግብር ሲጀመር አንድም የአፍሪካ አገር አልነበረበትም። ለኢትዮጵያዊው ቲክቶከር የቀረው ዋና የገቢ በር በቀጥታ ሥርጭት ወይም ላይቭ ላይ ተመልካቾች በገንዘብ ገዝተው የሚልኩት ስጦታ ነው፤ ከዚህም መድረኩ ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። በሰፊው የሚነቀፈው የላይቭ ግጥሚያ፣ ስድብና ለስጦታ ሲባል የሚደረግ ትርኢት ብዙውን ጊዜ የትውልድ ብልሽት ተደርጎ ይተረጎማል። እንደ እኔ ግምት ከትውልዱ ጠባይ ይልቅ የክፍያው ቅርጽ የበለጠ ያብራራዋል። አንድ ሰው ሳምንት ሙሉ አጥንቶ፣ ቀርጾና አቀናብሮ ለሠራው የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ የማይከፍል፣ ለሁለት ሰዓት ጩኸት ግን የሚከፍል ሥርዓት ጩኸትን ቢያበዛ አይደንቅም። የመጀመሪያውን ዓይነት ሥራ የሚወዱት ደግሞ ቀድመው ይሄዳሉ።

በኢትዮጵያ እጅግ የተስፋፋው ቴሌግራምም በ2024 ከ1,000 በላይ ተመዝጋቢ ላላቸው ቻናሎች የማስታወቂያ ገቢውን እኩሌታ ማካፈል ጀምሯል። ሆኖም ድርሻው የሚከፈለው ቶንኮይን በተባለ ዲጂታል ገንዘብ ነው፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በምናባዊ ገንዘብ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን አሳስቧል። የተከፈለው ገንዘብ በስልኩ ላይ እያለ በሕጋዊ መንገድ ብር ማድረግ ግን ያስቸግራል ማለት ነው።

በዶላር የሚከፈላቸው ጥቂቶች ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ፣ በብር ሲቆጠር ገቢያቸው ከፍ ብሏል። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ካሜራው፣ ስልኩ፣ ማይክሮፎኑና ኮምፒዩተሩ ሁሉ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ግን አዲስ ለሚጀምር ሰው ያው ለውጥ መነሻውን አስወድዶበታል።

የማይወረሰው ተመልካች

አልጎሪዝም የሚባለው ማን ምን እንዲያይ የሚመርጠው የመድረኩ የስሌት ሥርዓት ነው። አዘጋጁ ይህን ሥርዓት አያየውም፤ የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው። ትናንት 50,000 ሰው ያየው ዓይነት ቪዲዮ ዛሬ 2,000 ሲታይ ምክንያቱን የሚነግረው የለም። ደንቡም እንዲሁ በአንድ ወገን ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ትላልቅ አስተዋዋቂዎች ማስታወቂያቸው ከጽንፈኛ ቪዲዮዎች ጎን በመታየቱ ከዩትዩብ ሲወጡ፣ መድረኩ ራሱን ያረጋጋው ትናንሾቹን በማስወጣት ነበር፤ በሚያዝያ 2017 በአጠቃላይ 10,000 ዕይታ ያልሞላቸው ቻናሎች ማስታወቂያ እንዳይኖራቸው ተደረገ፣ በጥር 2018 ደግሞ የ1,000 ተመዝጋቢና የ4,000 ሰዓት መስፈርት መጣ። ጥፋቱን ያልሠሩ አነስተኛ አዘጋጆች ገቢያቸውን በአንድ የመድረኩ መግለጫ አጡ። ፌስቡክም በዚያው ወር የገጾችን ጽሑፍ ወደ ኋላ ገፍቶ የቤተሰብና የወዳጅ መልእክትን ለማስቀደም ሲወስን፣ ተከታይ ሲያፈሩ የኖሩ ገጾች የተከታያቸው ቁጥር ሳይቀንስ ተመልካቻቸው ቀነሰ።

ሱቁን ከፒያሳ ወደ መናኸሪያ የሚያዛውር የሐዋሳ ነጋዴ ለደንበኞቹ ስልክ ይደውላል፣ በአሮጌው በር ላይም ማስታወቂያ ይለጥፋል። የአንድ መድረክ አዘጋጅ ግን የተከታዮቹ ስምም ስልክም የለውም፤ ሲለቅ ይዞት የሚወጣው የቪዲዮዎቹን ቅጂ ብቻ ነው። ለመድረኩ ይህ አዘጋጅን የማቆያ ዘዴ ይመስላል፤ ለአጭር ጊዜም ይሠራል። ውሎ አድሮ ግን አዘጋጁ ሙሉ ጉልበቱን በአንድ ቦታ ከማፍሰስ እንዲቆጠብ ያስተምረዋል። ለዚህ ነው አንድ ቪዲዮ በአራት መድረኮች ላይ፣ አንዳንዴም የቲክቶክ ምልክት እንዳለበት፣ ተለጥፎ የምናየው።

በኢትዮጵያ በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ሥጋት አለ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩትዩብ ያለ ቪፒኤን፣ ማለትም የተዘጋ መስመርን በሌላ አገር በኩል ከሚያሳልፍ መተግበሪያ ውጭ፣ ለአምስት ወራት ያህል አይከፈቱም ነበር። ዩትዩብ ለስድስት ወራት ምንም ያልተጫነበትን ቻናል ከገቢ መርሐ ግብሩ ሊያስወጣ እንደሚችል በደንቡ አስቀምጧል፤ ለደንቡ የአዘጋጁ ስንፍናና የአገሩ መስመር መዘጋት ልዩነት የላቸውም።

በሐዋሳ የተገኘው መውጫ

ከመድረኩ የሚመጣው ገንዘብ ሩቅ ሲሆን የከተማው አዘጋጆች ቅርቡን ይዘዋል። በቪዲዮው ላይ ስልክ ቁጥር ይጻፋል፣ በመሐሉ የእንግዳ ማረፊያ፣ የፈርኒቸር መሸጫ፣ የሠርግ ዲኮር ወይም የቤት ሽያጭ ይተዋወቃል፣ ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ይገባል። ሐዋሳ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ አላት፣ ያንን እንግዳ የሚሻሙ ሆቴሎች በሐይቁ ዳር ተደርድረዋል። አሞራ ገደል በተባለው የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ዓሣ በጥሬው ስለመብላትና ዙሪያውን ስለሚጠብቁት አባ ኮዳ የተባሉ ትልልቅ ወፎች የተሠሩ ቪዲዮዎች ማለቂያ የላቸውም፤ ጉዳዩ አዲስ ነገር ካጣ ቆይቷል፣ እንግዳ መሳቡን ግን አላቆመም።

በዚህ አሠራር መድረኩ የማሳያ መስኮት እንጂ አሠሪ አይደለም። ከግብይቱ ምንም አያገኝም፣ አዘጋጁም ለእሱ የሚያድርበት ምክንያት የለውም። ለከተማው ሕዝብ ደግሞ ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። ገቢው ከአስተዋዋቂው ሲመጣ ግምገማና ማስታወቂያ ይቀላቀላሉ፤ የተከፈለበት ውዳሴ መሆኑ ስለማይነገር ተመልካቹ ቀስ በቀስ ሁሉንም መጠራጠር ይጀምራል። አስተዋዋቂ የሌለው ርእስም ባለቤት ያጣል። ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ውኃ ንጽሕና፣ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች የቤት ኪራይ ወይም ስለ ባጃጅ ታሪፍ በቁም ነገር የሚሠራ ሰው ከሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች ማስታወቂያ ይጠብቃል ማለት ዘበት ነው። እንዲህ ያሉ ርእሶችን የሚያነሡ ቻናሎች ቢጀመሩም በባለቤታቸው ደመወዝ የሚኖሩ ናቸው፤ ባለቤቱ ሲያገባ፣ ሲዛወር ወይም ሲታክት ያበቃላቸዋል።

በሲዳምኛ የሚሠሩት ሁኔታ ከዚህም ይጠብባል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሲዳማ ሕዝብ ቁጥር 2.9 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ቋንቋው ብዙ ተናጋሪ አለው። በአንጻሩ በጉግል የማስታወቂያ ሥርዓት ውስጥ አማርኛ ራሱ ለረዥም ጊዜ ከሚደገፉ ቋንቋዎች ውጭ ሆኖ በቆየበት ሁኔታ፣ በሲዳምኛ የተሠራ ቪዲዮ ተገቢውን ተመልካችና አስተዋዋቂ በራሱ ያገኛል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ፍቼ ጫምባላላ በጉዱማሌ ሲከበር ካሜራ ይበዛል፤ ዓመቱን ሙሉ በቋንቋው የሚሠራ ሰው ግን ከአንዱ በዓል እስከ ቀጣዩ የሚያደርሰው ገቢ ያስፈልገዋል።

ሁለት አመለካከቶች

አንዳንዶች ችግሩን በአዘጋጆቹ ላይ ያደርጋሉ፦ ትዕግሥት የላቸውም፣ ይኮርጃሉ፣ ጥራት የላቸውም። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። መግቢያው ነጻ የሆነ ሥራ ሁሉ ብዙ ሰው ሞክሮት ይተወዋል፤ ይህ በራሱ የመድረኩ ውድቀት አይደለም። ዩትዩብ በ2024 መጀመሪያ ላይ በሦስት ዓመት ውስጥ ለአዘጋጆች፣ ለሙዚቀኞችና ለመገናኛ ብዙኃን ድርጅቶች 70 ቢሊዮን ዶላር እንደከፈለና በገቢ መርሐ ግብሩ ከ3 ሚሊዮን በላይ አባላት እንዳሉት አስታውቋል። ገንዘብ አለ ማለት ነው። ግን ይህ ድምር ታላላቅ የሙዚቃ ኩባንያዎችንና የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ስለሚጨምር አማካዩን አውጥቶ ለአንድ የሐዋሳ ወጣት ማሳየት ያሳስታል።

ሌሎች ደግሞ መድረኮቹን በዝባዥ ይሏቸዋል። ይህም ግማሽ ሥዕል ነው፤ ቪዲዮ ማከማቸትና ማሠራጨት ከባድ ወጪ አለው። ትዊች የኔትወርክ ክፍያ ውድ ነው በማለት በየካቲት 2024 ከደቡብ ኮሪያ ገበያ ወጥቷል። የክርክሩ ፍሬ ነገር ያለው በመቶኛው ላይ አይመስለኝም። ትዊች ለአብዛኞቹ አዘጋጆች ከደንበኝነት ክፍያ ግማሹን ሲሰጥ ኪክ የተባለው ተፎካካሪ 95 በመቶ ይሰጣል፤ ትዊች ግን አልተዘጋም። አዘጋጅን የሚያሸሸው ነገር ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ደንብ ሲለወጥ፣ መስመር ሲዘጋና ክፍያ ሲዘገይ ጉዳቱ ሁልጊዜ በእሱ ላይ ብቻ መውደቁ ነው።

ግብሩና የአገር ውስጥ መድረክ

ግብሩን በተመለከተ፣ ገቢ ያለው ሰው ግብር ይክፈል የሚለው መርህ አከራካሪ አይደለም። ሥጋቱ ማንን ያገኛል የሚለው ላይ ነው። በራሱ ስም አካውንት ከፍቶ ዶላሩን በኢትዮጵያ ባንክ የሚቀበል አዘጋጅ በቀላሉ ይታያል፤ ገቢው በዘመድ ስም ውጭ የሚቀረው አይታይም። አፈጻጸሙ ይህን ካላገናዘበ ወደ ሕጋዊው መንገድ የገባውን ቀጥቶ በአቋራጭ የሚሄደውን ሊሸልም ይችላል። ለካሜራ፣ ለኢንተርኔት ፓኬጅና ለትራንስፖርት የወጣው ወጪ እንዴት እንደሚቀነስ ደግሞ ደረሰኝ የማግኘት ልማድ ለሌለው ወጣት ከግብር መጣኔው ያላነሰ ጉዳይ ነው።

በየጊዜው የሚነሣው ሌላው ሐሳብ የአገር ውስጥ መድረክ ማቋቋም ነው። ከዩትዩብ ጋር በዕይታ ብዛት የሚወዳደር ኢትዮጵያዊ መድረክ የሚሳካ አይመስልም፤ ከላይ የተገለጸው የሁለት ወገን ገበያ ጠባይ ይቃወመዋል። ይሁንና ትልልቆቹ መድረኮች የማይሠሩት ሥራ አለ። እንደ አውታር ያሉ የሙዚቃ መተግበሪያዎች ዘፈንን በብር መሸጥ እንደሚቻል አሳይተዋል። ለሐዋሳ አዘጋጅ የጎደለው ሌላ ቪዲዮ መጫኛ ሳይሆን በመካከል የሚቆም አገልግሎት ነው፦ ከአስተዋዋቂው ጋር የጽሑፍ ውል የሚያዋውል፣ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሎ ሥራው ሲያልቅ በቴሌብር የሚለቅ፣ ደረሰኝ የሚሰጥ፣ በሲዳምኛና በአማርኛ የሚሠሩትን በርእስና በሠፈር መርጦ ለነጋዴው የሚያቀርብ። ቪዲዮው በዩትዩብም በቲክቶክም ሊቀመጥ ይችላል።

ይህን ለመጀመር ከሁሉ የሚቀርቡት የከተማዋ ሆቴሎች ናቸው። ማስታወቂያቸውን አሁንም በአዘጋጆች በኩል የሚያሠሩ አሉ፤ ውሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቃል ነው፣ ክፍያውም አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ማደሪያና በምሳ ይተካል። ምሳ ለአዘጋጁ የኢንተርኔት ፓኬጅ አይገዛለትም፤ ለሆቴሉም ቢሆን በወጪነት የሚይዘው ደረሰኝ አይሆነውም።